ባለ አምስት ኮከቡ ነርሲንግ ሆም እናቴን በምን ለካት?

የበኩር ልጅ (ሜሪላንድ) — ነሐሴ 4 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡20

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የ79 ዓመት እናቴ በሰኔ ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ፤ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ከተደረገላትም በኋላ ለማገገሚያ ወደ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ ቤት) ተዛወረች። ቤቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴም በሜዲኬር (በአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ድረ ገጽ ላይ አምስት ኮከብ ማግኘቱ ብቻ ነበር። አሁን ብቻዋን ቤት መዋል እንደማትችል ስለ ተነገረን፣ እዚያው በቋሚነት ትቀመጥ ወይስ ሌላ ቤት እንፈልግላት በሚለው ላይ ከእኅቶቼና ከወንድሜ ጋር እየተመካከርን ነው።

ግራ ያጋባኝ ነገር የደረሰው ሐምሌ 15 ቀን ነው። አንዲት ሠራተኛ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ በስልክ አስተርጓሚ አማካይነት ትጠይቃት ጀመር። በመጀመሪያ «ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ» የሚሉትን ሦስት ቃላት አስደገመቻት፤ ሦስቱንም ደገመች። ዓመተ ምሕረቱን ስትጠይቃት እናቴ ሳታመነታ «ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት» አለች፤ አስተርጓሚውም የሰማውን እንደ ሰማ አስተላለፈ። ወሩን «ሐምሌ» ስትል «ጁላይ» ብሎ ተረጎመላት፤ ዕለቱንም ማክሰኞ ብላ በትክክል መለሰች። በመጨረሻ የቅድሙን ሦስት ቃላት እንድታስታውስ ስትጠየቅ «ካልሲ»ንና «አልጋ»ን አስታወሰች፤ የቀረው የቀለም ስም መሆኑ ቢነገራትም አልመጣላትም። ውጤቷ ከ15 10 ሆነና «መካከለኛ የአእምሮ መዳከም» ተብሎ ተመዘገበ። እኔ የደረስሁት መጨረሻው ላይ ስለ ነበር ነገሩ የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው፤ እናቴ የተሳሳተችው ዓመተ ምሕረቱን ሳይሆን የፈረንጁን አቆጣጠር መጠየቋን ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ሁለት ነው። በኮከቡ የሚለካው ምንድን ነው? ሁለተኛም፣ ለቤታችን ቅርብ የሆነና ሐበሾች የሚሠሩበት ባለ ሦስት ኮከብ ቤት አለ፤ ሁለት ኮከብ ማጣት ያን ያህል የሚያስፈራ ነገር ነው?

---

ኮከብ ቆጣሪ (ቨርጂኒያ) — በዚያው ምሽት፣ 4፡45

እኅቴ፣ ስሜን አይታዘቡብኝ፤ ነርስ ነኝ፣ ሥራዬም እናትዎ የተጠየቁትን ዓይነት ምዘና መሙላት ነው። ምዘናው ኤም.ዲ.ኤስ. ይባላል፤ ነዋሪው በገባ በ14 ቀን ውስጥ ተሟልቶ ይሠራና ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ይደገማል። የእናትዎን ውጤት እኔም ደምሬ አየሁት። ቃላቱን በመድገም 3፣ በወሩ 2፣ በዕለቱ 1፣ ባስታወሷቸው ሁለት ቃላት 4፤ ድምሩ 10 ነው። ዓመቱን ከአምስት ዓመት በላይ የሳተ ሰው ዜሮ ስለሚሰጠው በእኛና በእነርሱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 3 ነጥብ አሳጥቷቸዋል። ሦስቱ ቢጨመሩ 13 ይሆናል፤ ከ13 ጀምሮ ያለው ደግሞ ያልተዳከመ አእምሮ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ነገ ጠዋት ደውለው የኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ስብሰባ ይጠይቁ፤ ምዘናው እንዲደገምና አስተርጓሚውም አስቀድሞ «በፈረንጆች አቆጣጠር» ብሎ እንዲጠይቅ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ወደ ኮከቡ ልመለስ። መንግሥት ይህን አሠራር የጀመረው በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲሆን፣ ከላይ የሚታየው አጠቃላይ ኮከብ ከሦስት ነገሮች የሚቀመም ነው። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩን አስቀድመው አይመኑ፣ አስቀድመው ማን እንደ ጻፈው ይጠይቁ።

የመጀመሪያውን የሚጽፉት ከቤቱ ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። የስቴቱ ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁ መጥተው ለቀናት ወጥ ቤቱን፣ መድኃኒት አሰጣጡን፣ ቁስሉን፣ መዝገቡን ያያሉ፤ በሁለት ጉብኝቶች መካከል ከ15 ወር በላይ ማለፍ የለበትም። አጠቃላይ ኮከቡ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው የሠራተኛ ብዛት ነው፤ ይህ ድሮ ቤቱ በራሱ ቃል የሚሞላው ነበር፣ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ከደመወዝ መዝገብ ስለሚወሰድ መዋሸት አስቸጋሪ ሆኗል። ሦስተኛው «የጥራት መለኪያ» የሚባለው ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ የሚገኘው እኔና መሰሎቼ ከምንሞላው ምዘና ነው። ስለ ቤቱ የሚመሰክረው የቤቱ ደመወዝተኛ ነው ማለት ነው። በሙያዬ ሐሰት ጽፌ አላውቅም፤ ነገር ግን በብዙ ቤቶች ውስጥ ከሦስቱ ሁሉ የጥራት መለኪያው ኮከብ ከፍ ብሎ መታየቱ እኔን አይገርመኝም።

ሌላም ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የምርመራው ኮከብ የሚሰጠው በዚያው ስቴት ካሉ ቤቶች ጋር በማወዳደር ነው፤ ከላይ ያሉት 10 በመቶ አምስት ኮከብ፣ ከታች ያሉት 20 በመቶ አንድ ኮከብ ያገኛሉ፣ የቀሩት 70 በመቶ ለሦስት ይከፈላሉ። ስለዚህ የሜሪላንዱ አራት ኮከብ ከቴክሳሱ አራት ኮከብ ጋር አንድ አይደለም። እርስዎም የሁለቱን ቤቶች አጠቃላይ ኮከብ ትተው ሦስቱን በየተራ ያንብቡና ይንገሩን።

---

ሌሊት ተረኛ (ሜሪላንድ) — ነሐሴ 5 ቀን፣ ከጠዋቱ 2፡05

አሁን ከሥራ መግባቴ ነው። 14 ዓመት በሲ.ኤን.ኤ.ነት (በነርስ ረዳትነት) ሠርቻለሁ፤ ከዚህ ውስጥ 9ኙ በሌሊት ሺፍት ነው። ኮከብ ቆጣሪ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ከታች ሆኖ የሚታየውን ነው።

ተቆጣጣሪ ሳያስታውቅ ይመጣል የሚለው በወረቀት እውነት ነው። እኛ ግን ወራቱን እየቆጠርን እንጠብቀዋለን። «ስቴት ገብቷል» የሚለው ቃል ከእንግዳ መቀበያው ተነሥቶ ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከቢሮ የማይወጡ ኃላፊዎች ጓንት አጥልቀው የምሳ ትሪ ሲያድሉ ታያላችሁ። በዚያ ሳምንት ደወል ወዲያው ይነሣል፣ የበረዶ ውኃ ሳይጠየቅ ይመጣል። ስለዚህ ቤቱን ለማየት የምትሄዱ ከሆነ የማስጎብኛ ቀጠሮ አትያዙ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ፣ እራት ሲደርስ ሂዱ። በዚያ ሰዓት ኃላፊዎቹ ቤታቸው ናቸው፤ ራሳቸውን ችለው መብላት ከማይችሉት አዛውንቶች ፊት ትሪው ተከድኖ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ቁጠሩ።

ሌላው የማየው ተረከዝ ነው። የመኝታ ቁስል ቀድሞ የሚጀምረው ተረከዝና ወገብ ሥር ላይ ሲሆን፣ መጽሐፉ መጀመሪያ የሚታየው ተጭነው ሲለቁት የማይነጣ መቅላት ነው ይላል። የእኛ ቆዳ ግን ጠቆር ያለ ስለሆነ መቅላቱ አይታይም። ነርሷ ባትሪ አብርታ አይታ «ደህና ነው» ብላ ትሄዳለች፤ በሦስተኛው ቀን ቆዳው ይላጣል። በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል። ከሌላው ተረከዝ ይልቅ ሞቅ ያለ፣ ጠጠር ያለ ወይም እንደ በሰለ ፍሬ የለሰለሰ ከሆነ ጀምሯል ማለት ነው። ይህን አንዲት የሐረር ሴት ናት ያስተማረችኝ፤ በኮርሱ ላይ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። በመዝገቡ ላይ «በየሁለት ሰዓቱ ተገላብጠዋል» የሚል ሣጥን አለ። 20 ሰው ይዤ ባደርሁባቸው ሌሊቶች፣ አራቱ ሁለት ሰው የሚያነሣቸው ሆነው ሳለ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቆሜ የሃያውንም ሣጥን በአንድ ትንፋሽ ሞልቻለሁ። ያላገላበጥኋቸው እንዳሉ እያወቅሁ ነው። ሣጥኑ ባዶ ቢገኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ሦስተኛ ሰው ለምን አልተመደበም ተብሎ የሚጠየቅ ግን አላየሁም። ኮከቡ ውስጥ ያለው ቁጥር ከእንደዚህ ዓይነት ሌሊት የመጣ መሆኑን እያወቃችሁ አንብቡት።

---

ባህል ይከበር (ቴክሳስ) — ነሐሴ 5 ቀን፣ ከቀኑ 7፡30

ማንንም ለማስቀየም አይደለም፤ ነገር ግን እናት ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አጥብታ ያሳደገችውን ልጅ በስተርጅና ባዕድ ቤት ውስጥ ስለ ኮከብ ብዛት ሲከራከር ማየት ይከብዳል። የእንክብካቤ ጥራት የሚለካው በልጅ እጅ መሆኑን ወላጆቻችን አስተምረውናል። ለምን ቤታችሁ አትወስዷትም?

---

ሌሊት ተረኛ — በዚያው ዕለት፣ ከምሽቱ 12፡10

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ በእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ እሰማዋለሁ፤ ክፋት እንደሌለበትም አውቃለሁ። የዳሌ ስብራት ያለባትን እናት በቀን ስምንት ጊዜ የምታነሣት ልጅ ሁለት ሥራ ያላት ከሆነች፣ እናቲቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በአንድ ጎኗ ተኝታ ትውላለች። እንዲህ ካለ ቤት ተረከዛቸው እስከ አጥንት ተበልቶ የመጡ እናት ተቀብያለሁ፤ ልጆቻቸው ይወዷቸው ነበር። የቤት ውስጥ እንክብካቤም ጥራት አለው፣ ጉድለትም አለው፤ ተቆጣጣሪ ስለማይመጣበት ብቻ ቁጥር አልወጣለትም።

---

ፋርማሲስቱ (ዋሽንግተን ዲሲ) — ነሐሴ 5 ቀን፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ ደግሞ ከመድኃኒቱ በኩል ልናገር። ከጥራት መለኪያዎቹ አንዱ ከነዋሪዎቹ መካከል ስንቶቹ የሥነ አእምሮ ማረጋጊያ መድኃኒት እንደሚሰጣቸው የሚያሳየው ነው። መለኪያው የመጣው በምክንያት ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን እነዚህ መድኃኒቶች የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ በ2005 (እ.ኤ.አ.) እጅግ ጥብቅ በሆነው ማስጠንቀቂያው አሳስቧል። ይሁን እንጂ ሠራተኛ በጎደለበት ቤት ውስጥ የሚጮኽ፣ የሚነሣ፣ የሚንከራተት ሰው ሌሊቱን ያከብዳል፤ እንክብሉ ደግሞ ሌሊቱን ያቀልላል።

የመለኪያው ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው መድኃኒቱ በእርግጥ ስለሚያስፈልገው ከቆጠራው ውጭ ይደረጋል። ይህን ያወቁ አንዳንድ ቤቶች በሰባና በሰማንያ ዓመታቸው ድንገት «ስኪዞፍሬንያ» ያገኛቸው አዛውንቶችን ማስመዝገብ ጀመሩ፤ በዚያ ዕድሜ አዲስ ሆኖ መከሰቱ እጅግ ብርቅ መሆኑን ማንኛውም ሐኪም ያውቃል። በጥር 2023 የሜዲኬር መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉትን ምርመራዎች ኦዲት እንደሚያደርግ፣ ያጭበረበረውንም ቤት ኮከብ እንደሚቀንስ ያስታወቀው ለዚህ ነው።

ለእኛ ሰዎች ግን ቀዳዳው ሌላ መልክ አለው። በአንድ ቤት የመድኃኒት መዝገብ ስገመግም (በሕጉ መሠረት የእያንዳንዱ ነዋሪ መድኃኒት በየወሩ በፋርማሲስት መታየት አለበት) አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥታ ከራሷ ጋር ትነጋገራለች፣ ወዲህና ወዲያ ትወዛወዛለች፣ ለማስተኛት ስንሞክር ትቆጣለች» ተብሎ ተጽፎባቸው አየሁ። በዚያ ማስታወሻ መነሻነት ማታ ማታ የሚወሰድ ማረጋጊያ ታዝዞላቸው ነበር። እኔ ሄጄ ስጠይቃቸው ውዳሴ ማርያም እየደገሙ እንደ ነበር ነገሩኝ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያ ሰዓት ይነሣሉ። ለሐኪማቸው ደብዳቤ ጻፍሁ፤ መድኃኒቱም ቀስ በቀስ ተቋረጠ። በዚያ ሩብ ዓመት የቤቱ መለኪያ በአንድ ሰው «ተሻሻለ»።

ስለዚህ እኅቴ፣ «መካከለኛ መዳከም» የሚለው ጽሑፍ በእናትዎ ስም ላይ እንዲቀመጥ አይፍቀዱ። የተሳሳተ ውጤት ቻርቱ ላይ ዝም ብሎ አይተኛም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው «ይቺ እኮ አእምሮዋ የደከመ ነው» ብሎ ሕመሟን እንዳይሰማ ያደርጋል። ዛሬ የምትወስደውን መድኃኒት ዝርዝር በወረቀት ይቀበሉ፤ የእያንዳንዱንም ምክንያት ያስጽፉ።

---

ብርዱን የለመድሁ (ሚኒሶታ) — ነሐሴ 6 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡15

አባቴ አምስት ዓመት በነርሲንግ ሆም ኖረው ነው ያረፉት፤ እኔም በዚያ ዘመን የቤቱ የነዋሪ ቤተሰቦች ምክር ቤት አባል ስለ ነበርሁ ጉዳዩን ከሕጉ ጀምሮ ለማጥናት ተገድጄ ነበር።

የጥራት መለካት ነገር በዚህ አገር ሥር የያዘው ከ1986ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ኢንስቲትዩት ጥናትና በዓመቱ ከወጣው ሕግ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቁጥጥሩ ያተኮረው ቤቱ እንክብካቤ ለመስጠት «ይችላል ወይ?» በሚለው ላይ ነበር፤ ሕንፃው፣ ፈቃዱ፣ የተጻፈው መመሪያ ተሟልቷል ወይ ይባላል፣ በአልጋው ላይ በጨርቅ ታስሮ የተኛውን ሰው ግን የሚጠይቀው አልነበረም። የ1987ቱ ሕግ ጥያቄውን ወደ ነዋሪው አዞረው፤ ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ማሰርን ከለከለ፣ ቤቱም እያንዳንዱን ሰው ሊደርስበት ወደሚችለው ከፍተኛ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደረጃ እንዲያደርሰው ግዴታ ጣለበት። ሐሳቡን ቀደም ብሎ በ1966 የቀመረው በቤይሩት የተወለደው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን ሲሆን፣ የሕክምና ጥራት በሦስት በኩል ይታያል ብሏል፤ ባለው ነገር፣ በሚሠራው ሥራ፣ በሚገኘው ውጤት። ኮከቡን ብትፈቱት ከሥሩ የምታገኙት ይህን ነው።

ውጤትን መለካት ከሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የአባቴን ነገር ስሙ። ከመለኪያዎቹ አንዱ የክብደት መቀነስ ነው፤ በአንድ ወር 5 በመቶ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ የቀነሰ ሰው በቤቱ ላይ ይቆጠርበታል። አባቴ ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ይጾማሉ፤ ሐኪማቸውም ሆኑ የንስሐ አባታቸው ቢለምኗቸው አልተዉም። በመጀመሪያው ዓመት ዶሮና እንቁላል የተቀመጠበት ትሪ ሄዶ እንደ ሄደ ይመለሳል፤ በቻርቱ ላይ «ምግብ አልፈልግም አለ» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ መውረዱን ሲያዩ የታሸገ የወተት መጠጥ አዘዙላቸው፤ እሱንም አልነኩትም። መለኪያው ችግር መኖሩን በትክክል ነገራቸው፤ ችግሩ ጾም መሆኑን ግን አልነገራቸውም። በኬር ፕላን ስብሰባ ላይ ቀርበን የጾሙን ቀኖች በቀን መቁጠሪያ ላይ ቀለም ቀብተን ሰጠናቸው፤ ወጥ ቤቱ ምስር፣ ኦቾሎኒና አቮካዶ ማቅረብ ጀመረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ክብደታቸው አንድ ፓውንድ ብቻ ነው የቀነሰው። ጥሩ ቤት ማለት ለእኔ ያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ መጥቶ የጠየቀን።

ሕመምም እንዲሁ ነው። ከዜሮ እስከ 10 ስንት ነው ብለው ሲጠይቋቸው አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ዜሮ ይጻፋል። ፊታቸው ላይ ግን ስድስት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራሉ ኮከብ ነዋሪው ስለ ኑሮው ምን ይላል የሚለውን አይጠይቅም። የእኛ ስቴት ግን በራሱ የሪፖርት ካርድ ላይ ከቤቱ ውጭ የሆኑ ጠያቂዎችን ልኮ ነዋሪዎቹን በቃል ያነጋግራል፤ ቤተሰብንም ይጠይቃል። ምግቡ ይጣፍጣል ወይ፣ ክብርህን ይጠብቃሉ ወይ፣ የሚያደርጉት ነገር አለህ ወይ ይላል። ሚኒሶታ ያላችሁ ከኮከቡ በፊት እሱን ተመልከቱ።

---

የበኩር ልጅ — ነሐሴ 6 ቀን፣ ከምሽቱ 2፡40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተባልሁት መሠረት ከፋፍዬ አነበብሁ። አምስት ኮከቡ ቤት በምርመራ 4፣ በሠራተኛ 3፣ በጥራት መለኪያ 5 ነው። ባለ ሦስት ኮከቡ በምርመራ 3፣ በሠራተኛ 4፣ በጥራት መለኪያ 3 ነው። እናቴ ባለችበት ቤት የሠራተኛው ሰዓት ለአንድ ነዋሪ በቀን 3.2 ይላል፤ ከዚህ ውስጥ የሲ.ኤን.ኤ.ው 1.8 ነው። ሦስት ሰዓት አልጋዋ አጠገብ ይቆማሉ ማለት ነው? እኔ ስሄድ እንደዚያ አይመስልም።

---

ኮከብ ቆጣሪ — በዚያው ምሽት፣ 4፡20

አይደለም፤ ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። በ24 ሰዓት ውስጥ የተከፈለው የነርሶችና የረዳቶች ሰዓት ሁሉ ተደምሮ ለነዋሪዎቹ ቁጥር ሲካፈል ነው የሚገኘው፤ ነርሷ መዝገብ ስትጽፍ የምትውልበትም ሰዓት ውስጡ አለ። ለምሳሌ ቤቱ 100 ነዋሪ ቢኖረው 1.8 ማለት በቀን 180 የረዳት ሰዓት ነው፤ ለስምንት ሰዓት ሺፍት ሲካፈል 22 ሰው ያህል ይወጣል። ጠዋት 9፣ ከሰዓት 8 ብትመድቡ ለሌሊት 5 ይቀራል። አምስት ሰው ለመቶ ማለት አንድ ሰው ለሃያ ነው፤ ሌሊት ተረኛ «20 ሰው ይዤ ያደርሁባቸው ሌሊቶች» ያሉት ከዚህ ቁጥር ውስጥ ነው።

በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ዝቅተኛውን 3.48 አድርጎ፣ ከዚያ ውስጥ 0.55 የተመዘገበ ነርስ፣ 2.45 ደግሞ የረዳት እንዲሆን ወስኖ ነበር። ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል በ2025 (እ.ኤ.አ.) በሚያዝያ የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ መጀመሪያ ገደማ የወጣው የበጀት ሕግም እስከ 2034 ድረስ እንዳይፈጸም አገደው። ስለዚህ ቤቱ በ1.8 አልተከሰሰም፣ አይከሰስምም፤ እርስዎ ግን ማወቅ መብትዎ ነው። በየዕለቱ በየሺፍቱ ስንት ሠራተኛ እንዳለ የሚያሳይ ወረቀት በግልጽ ቦታ መለጠፍ ግዴታ ነው፤ መግቢያው አካባቢ ይፈልጉት። በድረ ገጹም ላይ የቅዳሜና እሑዱ ሰዓት እንዲሁም በዓመት ስንት በመቶ ሠራተኛ ሥራውን እንደለቀቀ ለየብቻ ሰፍሯል፤ እኔ ለገዛ እናቴ ብመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህን የመጨረሻውን ነው። በየሁለት ወሩ አዲስ እጅ የሚነካት እናት ሕመሟን የሚያውቅላት ሰው አይኖራትም።

ሁለት ነገር ጨምሬ ላብቃ። የጥራት መለኪያው ለአጭር ጊዜና ለረጅም ጊዜ ነዋሪዎች ለየብቻ ይሰላል፤ መለያው 100 ቀን ነው። እርስዎ ያዩት 5 ምናልባት በአብዛኛው በማገገሚያው ክፍል የመጣ ይሆናል፤ እናትዎ ደግሞ ወደ ረጅሙ ሊሻገሩ ነው፤ ሌላ ፎቅ፣ ሌላ ሠራተኛ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የምርመራውን ሙሉ ዘገባ ያውርዱ። እያንዳንዱ ጥፋት ከሀ እስከ መጨረሻው እንደምንቆጥረው በእነርሱ ፊደል ከኤ እስከ ኤል ደረጃ ተሰጥቶታል፤ ጂ ላይ ሲደርስ ሰው ተጎድቷል ማለት ነው፣ ጄ፣ ኬና ኤል ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ስለ ምግብ ሙቀት የተጻፈ ዐሥር ዲ ከአንድ ጂ ይሻላል። በቤቱ ስም አጠገብ ቀይ የእጅ ምልክት ካዩ በነዋሪ ላይ የበደል ጥፋት የተመዘገበበት ቤት ስለሆነ ኮከቡን መቁጠር ያቁሙ።

ምዘናውን አንደግምም ቢሉ የነርሲንግ ሆም ኦምቡድስማን አለ፤ በአገራችን እንባ ጠባቂ የምንለው ነው። በየስቴቱ አለ፣ አገልግሎቱም በነጻ ነው። ስልኩ በቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

---

የበኩር ልጅ — ነሐሴ 13 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 4፡05

ያላችሁኝን አድርጌ ተመለስሁ። የኬር ፕላኑ ስብሰባ ባለፈው ሐሙስ ተደረገ፤ እንባ ጠባቂዋን መጥራት አላስፈለገንም። ምዘናውን እዚያው እኔ ባለሁበት ደገሙት። አስተርጓሚዋ በዚህ ጊዜ ሴት ነበረች። ዓመተ ምሕረቱ ሲጠየቅ እናቴ ወደ ስልኩ ዞር ብላ «በማን አቆጣጠር? በእኛ ነው በእነሱ?» አለቻት፤ ከዚያም ሁለቱንም ተናገረች። «ሰማያዊ» አሁንም ጠፋት። 13 ተጻፈላት።

እሑድ በ11 ሰዓት ሁለቱንም ቤቶች አየሁ። አምስት ኮከቡ ቤት በሁለተኛው ፎቅ፣ ማለት እናቴን ሊያዛውሯት ባሰቡበት፣ የአንድ ሽማግሌ ትሪ 35 ደቂቃ ተከድኖ ቆየ። በባለ ሦስት ኮከቡ ቤት ወጥ ቤቱ ያረጀ ነው፣ ኮሪደሩም የሽንት ሽታ አለው፤ የምርመራው ዘገባ ላይ ስለ ማቀዝቀዣና ስለ መድኃኒት ጋሪ አለመቆለፍ ስድስት ዲ አለ፣ ጂ ግን የለም። አንዲት ሲ.ኤን.ኤ. ሁለት ሰው በየተራ እያጎረሰች ስታወራቸው አየሁ፤ እዚያ ስንት ጊዜ ሠራሽ ብላት ሰባት ዓመት አለችኝ።

የእናቴን የቀኝ ተረከዝ ዳበስሁት፤ ደህና ነበር። የግራው ሞቅ ብሎ ጠጠር ይላል። ነርሷን ጠርቼ ባትሪ ሳታበራ በእጇ እንድትነካው ለመንኋት፤ ነክታው ዝም አለች፤ ከዚያ ትራስ አምጥታ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ አድርጋ አነሣችውና ጻፈችው። ዛሬ ጥጥርነቱ ቀንሷል። ባለ ሦስት ኮከቡ ቤት አልጋ የሚለቀቀው ነሐሴ 22 ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ከእኅቶቼ ጋር ተራ ገብተን ማታ ማታ ትራሱን እናያለን።